አምስት ነፍስ ያለው ሰውዬ

የዓለምወርቅ ወልደ ገብርኤል፣ ጎንደር ማራኪ ሰፈር ከዩኒቨርሲቲው በር ወረድ ብሎ ባለው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቷ ውስጥ ማሽን ሲሠራ አታየውም፤ ትሰማዋለች። ጀርባዋን ሰጥታ የአንዱን ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ስትተይብ ከኋላዋ ያለው ፕሪንተር ወረቀት ሲስብ ድምፁ ትንሽ ከጎረበጣት፣ ዘወር እንኳ ሳትል «አጥፋው፣ ሊነክስ ነው» ትላለች። ተማሪው ግራ እየገባው ያጠፋዋል። ሲከፈት ወረቀቱ ተጨማዶ ጥርሱ ውስጥ ተሰንቅሮ ይገኛል። ተማሪዎቹ እትዬ የዓለም አንዳች መድኃኒት ያላት ይመስላቸዋል። ያላት ግን ጆሮ ብቻ ነው። ግማሹን ከአባቷ ከመሪጌታ ወልደ ገብርኤል ወረሰችው፤ ግማሹን ደግሞ ዛሬ ማንም በማያስታውሰው አንድ የኮምፒውተር ጌም ላይ ሞረደችው።

በዚያው ጌም የተነሳ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር በሆዷ ይዛ ኖራለች። ለእናቷ ለወይዘሮ ወለተሩፋኤል ሳትነግራቸው እናቷ አረፉ። ለባሏም አልነገረችም። አንድ የፍልሰታ ጾም ላይ ጨከን ብላ ለንስሐ አባቷ፣ «አባቴ፣ ልጅ ሆኜ በቅዱስ ዜማ ካሴት ላይ ጌም ቀድቼበታለሁ» አለቻቸው። እሳቸው ጌም ምን እንደሆነ ከየት ያውቁታል? ዘፈን መስሏቸው አርባ ስግደት አዘዙላት። ማስረዳቱ ከስግደቱ ስለከበዳት ሰግዳ ዝም አለች። ሸክሙ ግን እንዳለ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1981 ዓ.ም. የዓለምወርቅ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለች፣ ቀሃ ሰፈር ባለው ግቢያቸው ውስጥ ያለችውን አነስተኛ ቤት ዶክተር አስማረ የሚባል ሐኪም ተከራየ። ሃንጋሪ ስምንት ዓመት ተምሮ የመጣ፣ ሲስቅ ድምፅ የማያወጣ፣ ትከሻው ብቻ የሚንቀጠቀጥ ቀጭን ሰው ነበር። ከሻንጣው ውስጥ አንዲት ጥቁር ነገር አወጣ፤ ስክሪን የላት፣ ምን የላት፣ ቁልፍ ብቻ የተደረደረባት፣ ከአንድ ደብተር የማትበልጥ። ኮምፒውተር ናት አለ። በአንድ ወገን ከጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥኑ ጋር፣ በሌላው ወገን ከቴፕ ጋር አያያዛትና ካሴት ከተተ። ቴፑ ቅባት እንደነፈጉት የጋሪ ጎማ ይጮህ ጀመር። የዚያን ጊዜ የቤት ኮምፒውተር ጌሙን የሚያነበው ከካሴት ነው፤ ያ ጆሮ የሚበላው ጩኸት ራሱ ጌሙ ነበር። አምስት ደቂቃ ተኩል ጮኾ ዝም ሲል ቴሌቪዥኑ ላይ ግንብ ታየ፤ ግንቡ ላይ ደግሞ አውራ ጣት የሚያህል ሰውዬ።

ሰውዬው ይሮጣል፣ ይዘላል፣ በገመድ ይንጠላጠላል። የሚበር ድንጋይ ሲመጣበት ወይ ጎንበስ ይላል ወይ ይተኩሳል። የዓለምወርቅ ወንዴ የሚል ስም አወጣችለት። ግንቡም ፋሲል ግቢ ነው ብላ ወሰነች፤ ማንም አልተከራከራትም። ከዚያ በኋላ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን ሳታስቀምጥ የዶክተሩ ደጃፍ ላይ ነው የምትገኘው። ወንዴ አምስት ነፍስ አለው። አንዱን ሲያጠፋ በሌላው ይነሳል፤ አምስቱም ሲያልቁ ጨዋታው ያበቃል። ይህ ነገር የካህን ልጅ ናትና ዕረፍት ነሳት። አንድ ቀን ምሳ ላይ አባቷን ጠየቀቻቸው።

«አባዬ፣ ሰው አምስት ነፍስ ሊኖረው ይችላል?»

መሪጌታ የጠቀለሉትን ጉርሻ እንደያዙ አዩዋት። «ምነው፣ አንዷ ምን አደረገችሽ?»

«እንዲያው ቢኖረው ብዬ ነው።»

«ቢኖረውማ አራቱን እንደዋዛ ይጥላቸው ነበር። አንዷ ትበቃዋለች» አሉና ጎረሱ።

በመሪጌታ ቤት ሁሉም ነገር የሚያዘው በጆሮ ነው። ተማሪ መምህሩን ሰምቶ፣ ደግሞ፣ ተሳስቶ፣ ተቆጥተውት፣ ዜማው እስኪዋሐደው ድረስ ይለዋል። የዓለምወርቅም የካሴቱን ጩኸት እንደዚያው ያዘችው። መጀመሪያ ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ የማይናወጥ ድምፅ ይመጣል። ከዚያ አጭር ብጥስጣሽ፤ ከዚያ እንደገና ረጅሙ፤ ከዚያ ያ ሁሉ ውርጅብኝ። በወሩ ከዳር እስከ ዳር በአፏ ታወጣው ጀመር። ካሴቱ ያረጀ ስለሆነ አንዳንዴ ጮኾ ጮኾ ጌሙ ሳይነሳ ይቀራል። እሷ ግን ገና በመጀመሪያው ረጅም ድምፅ ላይ፣ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ፣ «ይሄ አይነሳም» ትላለች። እውነትም አይነሳም። ዶክተር አስማረ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ «አንቺ የኮምፒውተር መሪጌታ ነሽ» ይላት ነበር።

ጥር 1982 ላይ ዶክተሩ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። ኮምፒውተሯም፣ ቴሌቪዥኑም፣ ወንዴም አብረው ሊሄዱ ነው።

እዚህ ላይ የሠራችው ስህተት ከሌላ ቤት የተወለደ ልጅ የሚሠራው አይደለም። ለእሷ ካሴት ላይ ያለ ድምፅ ራሱ ነገሩ ነው። የመምህሩ ድምፅ ካለ ዜማው አለ፤ የጌሙ ድምፅ ካለ ጌሙ አለ። ድምፁን ካስቀረሁት ወንዴም እኔው ጋር ይቀራል ብላ አመነች። ኮምፒውተር የሌለው ሰው ካሴቱን ምን ያደርገዋል የሚለው ጥያቄ ጭራሽ አልመጣባትም።

ባዶ ካሴት ግን ያኔ ከየት ይመጣል? ቤታቸው ውስጥ ያለው አንድ ካሴት ነው፤ እሱም በአባቷ ሳጥን ውስጥ። የአባቷ መምህር፣ መምህር ልዑልቃል፣ የዘመነ ጽጌን ዜማ የሚያወጡበት የራሳቸው መንገድ ነበራቸው። ከእሳቸው ያንን ጨርሰው የያዙት መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ብቻ ናቸው። መምህሩ ከማረፋቸው ከአንድ ዓመት በፊት መሪጌታ ቴፕ ተውሰው በካሴቱ አንደኛ ገጽ ላይ ቀዷቸው። ሁለተኛው ገጽ ባዶ ነበር። የዓለምወርቅ ያሰበችውም ባዶውን ነው፤ ይህንን ከዚያ ወዲህ ለራሷ ሺህ ጊዜ ነግራታለች።

አባቷ ቤተ ክርስቲያን ሳሉ ካሴቱን አወጣች። የዶክተሩን ሁለት ቴፖች ፊት ለፊት አስቀመጠቻቸው፤ አንዱ ሊጮህ፣ ሌላው ሰምቶ ሊቀዳ። የአባቷ ጽሕፈት ያለበት ገጽ ከላይ ከሆነ የሚቀዳው ከስር ያለው ነው ብላ፣ ጽሕፈቱን ወደ ላይ አድርጋ ከተተችው። ቴፕ ደግሞ የሚቀዳው ከላይ ያለውን ገጽ ነው። ሁለቱንም አስነስታ ገና ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ እናቷ ከውጭ ጠሯት፤ የዶክተሩ ዕቃ መኪና ላይ ይጫናል። ድስት ስትሸከም፣ መጽሐፍ ስትሸከም ግማሽ ሰዓት አለፈ። ስትመለስ ካሴቱ እስከ ጫፍ ሄዶ ቆሟል። ካሴቱን ይዛ ስትወጣ ዶክተሩ ከመኪናው መስኮት ጠራት።

«የዓለም፣ ያ ካሴት የአባትሽ ነው። ቀጥ ብለሽ ወደ ቦታው መልሺው፤ ሁለተኛ እንዳትነኪው።»

አልሳቀም። ሌላም ነገር ሊል አፉን ከፍቶ ነበር፤ ሹፌሩ ነዳው።

ጽሕፈቱን አየችው፤ እስከ ጫፍ የተጠቀለለውን ክር አየችው። ገጹን እንደተሳሳተች ያን ጊዜ ገባት። ጠፋ፣ አለች በልቧ። የመምህር ልዑልቃል ድምፅ እንዳለ ጠፋ፤ ያጠፋሁትም እኔ ነኝ። ካሴቱን ሳጥኑ ውስጥ መለሰችው፣ እጇንም ታጠበች።

ማንም አላወቀም፤ ካሴቱን የሚፈልገው አልነበረማ። ቤት ውስጥ ቴፕ አልነበረም፤ ቴፕ በየቤቱ ሲገባም መሪጌታ ደረታቸውን ነካ አድርገው «እዚህ አለ» ይሉ ነበር። ዜማውን በቃላቸው የያዙ ሰው ካሴት መስማት ለምን ያስፈልጋቸዋል? የዓለምወርቅ አደገች። ጽሕፈት ስትማር ጣቶቿ ቁልፍ ስለማይፈሩ ክፍሉን በሙሉ ቀደመች፤ መሥሪያ ቤት ተቀጠረች፣ አገባች፣ ወለደች፣ ሱቋን ከፈተች። በየዓመቱ ጽጌ ሲገባ ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ኋላ ቆማ አባቷ ሲያዜሙ እየሰማች አንድ ጸሎት ብቻ ነበራት፤ የአባቴን አእምሮ ጠብቅልኝ። እሳቸው እስካስታወሱ ድረስ ያን ካሴት የሚጠይቅ የለም።

ባለፈው ክረምት መሪጌታን ስትሮክ መታቸው። ቀኝ እጃቸው ዳነ፣ ምላሳቸውም ቀስ በቀስ ተፈታ፤ ዜማው ግን እዚህም እዚያም ሳሳ።

በመስከረም መጨረሻ ኪዳነ ማርያም ሱቋ መጣ። ይህ ሰው በልጅነቱ ከሳንጃ መጥቶ በአባቷ እግር ስር የተማረ፣ ዛሬ በእሳቸው ቦታ ቆሞ የሚያስተምር ካህን ነው። ለእሷ ግን ያው የእናቷን እንጀራ በልቶ ያደገ ታናሽ ወንድሟ ነው።

«እትዬ፣ የኔታ የመምህር ልዑልቃልን ዜማ ይጀምሩታል፤ አራተኛው ክፍል ላይ ሲደርሱ ይጠፋባቸዋል» አለ። «እኔም ከዚያ ወዲያ ያለውን አልጨረስኩትም። ዘንድሮ አብረን እንጨርሰዋለን ብለውኝ ነበር። ትናንትና አለቀሱ።»

«አለቀሱ?»

«እንደ ሕፃን። ኋላ ግን ራሳቸው ቀና ብለው፣ ‹ምነው ተጨነቅን፣ የመምህር ካሴት ሳጥኔ ውስጥ አለ አይደል? የዓለም ቴፕ ፈልጋ ታምጣ› አሉ። እንዲህ ያለ ሸጋ ነገር ይዘው እስከ ዛሬ ዝም ማለታቸው!»

ከኋላዋ ፕሪንተሩ ወረቀት ያኝክ ነበር። የዓለምወርቅ አልሰማችውም።

ሁለት ሳምንት ቴፕ ጠፋ እያለች አመካኘች። ግማሹ እውነት ነው፤ ዛሬ ጎንደር ውስጥ የሚሠራ ቴፕ ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይደለም። በመጨረሻ ከአንድ ሞባይል ጠጋኝ መደርደሪያ ላይ አንድ አሮጌ አገኘች፤ ላስቲኩ ተበጥሷል። ምናልባት አይሠራም ብላ ተስፋ አድርጋ ከፈተችው። የወረቀት ማሰሪያ ላስቲክ ብታስገባበት ዞረ። ምነው አርፎ ቢቀመጥ ኖሮ! ከዚህ ወዲያ የምትደበቅበት ሰበብ አልነበራትም። ካሴቱ ጮኾ ከሚያጋልጠኝ እኔው ልንገራቸው ብላ ቆረጠች።

ቅዳሜ ጠዋት ቀሃ ሄደች። አባቷ ፀሐይ በሚያገኘው መደብ ላይ ጋቢያቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። ኪዳነ ማርያም ድምፁን በስልኩ ለመቅዳት ተዘጋጅቶ ከጎናቸው ሆኗል። ካሴቱ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ የአባቷ ጉልበት ላይ ነው።

«አባዬ፣ ከመክፈታችን በፊት አንድ ነገር ልንገርዎት። ካሴቱ ላይ የመምህር ድምፅ የለም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ዶክተር አስማረ የሄደ ዕለት፣ ያን ጌሙን ልቀዳ ብዬ ገጽ ተሳሳትኩ። ሁሉም ጠፋ። ስፈራ ስፈራ ይኸው እዚህ ደረስኩ።»

የኪዳነ ማርያም ፊት አመድ መሰለ። ስልኩን ቀስ ብሎ መደቡ ላይ አስቀመጠው። መሪጌታ የካሴቱን ጨርቅ ቀስ ብለው ይፈቱ ጀመር። እሷ ቢሰድቧት በወደደች።

«ሰምተሽዋል?» አሉ በመጨረሻ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እያወጡ።

«ምኑን?»

«ካሴቱን። ሰምተሽ ነው ጠፋ የምትይኝ?»

«ኧረ አልሰማሁትም። ምኑን ልስማው?»

«እንግዲያ አጫውቺው።»

ካሴቱን ከአባቷ ተቀብላ ቴፑ ውስጥ ከተተችው። ያ ረጅም ድምፅ መጣ፤ ግን ወፍሯል፣ ወርዷል፣ እንደ ደከመ ሰው ይጎተታል። የወረቀት ላስቲኩ ሞተሩን አላስሮጥ ብሎት ነው። የዓለምወርቅ ሐዘኗን ሁሉ ረስታ «ወርዷል» አለች፤ ልማድ ክፉ ነው። ከቦርሳዋ ትንሿን መፍቻ አውጥታ ከሞተሩ ጀርባ ያለችውን የፍጥነት ብሎን ነካ አደረገቻት። ድምፁ ከፍ አለ፤ ትንሽ አለፈ። መለሰችው። ዓይኗን ጨፍና በዶክተሩ ክፍል ውስጥ ይሰማ የነበረውን አስታወሰች፤ ጭራሽ አልረሳችውም ነበር።

«እዚህ ነው» አለች።

«ምኑ ነው እዚህ?» አለ ኪዳነ ማርያም። ካሴቱ ወደ መጀመሪያው ተጠንጥኖ እንደገና ተነሳ፣ ውርጅብኙም ወረደ። መሪጌታ አዲስ ተማሪ እንደሚፈትኑ ሁሉ ጆሯቸውን አዘንብለው ያዳምጣሉ። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ከጩኸቱ ኋላ፣ ከሩቅ፣ የሴት ድምፅ ተሰማ።

«የዓለም! ነይ እንጂ፣ ያንን ድስት ያዢ!»

እናቷ ናቸው፤ ካረፉ ስድስት ዓመታቸው ነው። የዓለምወርቅ አፏን በነጠላዋ ያዘች። መሪጌታም ድምፁ ወደ መጣበት፣ ወደ ቴፑ ጎንበስ አሉ።

ጩኸቱ እሷ በምታውቃት አጭር ጅራት አበቃ። ከዚህ በኋላ ባዶ ሹክሹክታ ብቻ ነው ብላ ልታጠፋው እጇን ስትዘረጋ፣ አንድ ወንድ ቴፑ አጠገብ ቆሞ «ኧረ! ይሄማ የመሪጌታ ካሴት ነው!» አለ። ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማ። ከዚያም ከቃል መሃል፣ የሽማግሌ ድምፅ፣ ደረቅና ጠንካራ፣ ወጣ።

መምህር ልዑልቃል ናቸው።

ለካ ያ ሰው ዶክተሩ ኖሯል። ጌሙ እንዳለቀ ወደ ክፍሉ ገብቶ፣ በካሴቱ ላይ ያለውን ጽሕፈት አይቶ መቅጃውን አጠፋው። ከዚያ ወዲያ የተረፈ ድምፅ አለ ወይ ብሎ ማጫወቻውን ተጫነ፤ አለ። በዕቃው ግርግር እንደተከፈተ ትቶት ወጣ፤ ካሴቱ እስከ ጫፍ የሄደው እየተቀዳበት ሳይሆን እየተጫወተ ነው። በመኪናው መስኮት ሊላት የነበረውም ምናልባት ይኸው ነው። የዓለምወርቅ ሠላሳ ስድስት ዓመት ተሸክማው የዞረችው ኃጢአት አምስት ደቂቃ ተኩል ነበር።

መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሳቅም ለቅሶም አንድ ላይ መጣባት፤ የትኛውን ማስቀደም እንዳለባት አላወቀችም። ትከሻዋ ቀለለ ማለት ብቻ አይበቃም፤ በአሥራ ሁለት ዓመቷ የያዘችውን ትንፋሽ ገና አሁን የለቀቀችው መሰላት። ኪዳነ ማርያም ግን ካህን ነውና የጎደለው አሳሰበው።

«የኔታ፣ ከፊቱ የጠፋው የቱ ይሆን?»

መሪጌታ ጥርስ የሌለው ድዳቸው እስኪታይ ሳቁ። «ጸሎቱ ነዋ! መምህር የመክፈቻውን ጸሎት ሳያደርሱ አንዲት ቃል አያዜሙም፤ ሲያደርሱ ደግሞ አይቸኩሉም። በጸሎት መሃል ቴፕ እንዳትነካ ብለው ስለተቆጡኝ ከመጀመሪያው ነው የቀዳሁት። እሱንማ እኛ እናደርሰዋለን።»

ለጸሎት ተነሡ። የዓለምወርቅ አባቷን በክንዳቸው ደገፈቻቸው። የመክፈቻውን ጸሎት መሪጌታ ራሳቸው አደረሱ፤ እሱ ላይ አንድም ቃል አልጠፋቸውም። ከዚያ ካሴቱን ከመምህሩ ድምፅ አስነሡት። ሦስተኛው አለፈ። አራተኛው ላይ ሲደርስ የመሪጌታ ከንፈር መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ቀጥሎ እጃቸው፤ ቀጥሎ ድምፃቸው ከመምህራቸው ድምፅ ስር ገባ። የድምፁ ከፍታ ልክ ነበር፤ እሷ ብሎኑን ባቆመችበት ቦታ ላይ። ኪዳነ ማርያም እንባውን በነጠላው ጫፍ እየጠረገ ስልኩን ይዞ ተከተላቸው።

ሲያልቅ የቀዳውን አየት አድርጎ፣ «አሁን ደግሞ ካሴቱን ከዳር እስከ ዳር እቀዳዋለሁ፤ ያን የፊቱን ጩኸት ግን ቆርጬ ልጣለው?» አለ።

«ተው» አሉ መሪጌታ። «ወለተሩፋኤል አለችበት።»

ከዚያ መሪጌታ ወደ ልጃቸው ዘወር አሉ። የጠዋቱን መድኃኒታቸውን መዋጣቸውን እንኳ የሚረሱ ሰው ናቸው።

«የዓለም፣ ያ የሚጮኸው... አምስት ነፍስ ያለው ሰውዬሽ ነው?»

«አዎ፣ አባዬ። እሱ ነው።»

«ስንት ቀረው?»

«አንድ» አለች፣ እየሳቀች፣ ዓይኗን እየጠረገች።

«ትበቃዋለች» አሉና ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «በይ፣ ከእናትሽ ድምፅ ጀምረሽ አስነሺልኝ።»